የዘይቷ ጠብታ ከየት መጣች? የሞተር ሳይክል ፍሳሽን በሳይንስ መፈለግ

ሞተር ሳይክል ቆሞ ካደረበት ሥፍራ ሲነሣ ከሥሩ አንዲት ጥቁር የዘይት ነጥብ ትታያለች። ብዙው ባለንብረት ይህችን ነጥብ እንደ ቀላል ነገር ቆጥሮ ያልፋታል። አንዳንዱ የጎደለውን ዘይት እየሞላ መንዳቱን ይቀጥላል። ሌላው ወደ ጥገና ቤት ወስዶ «ጓርኒሲዮኑ ይለወጥልኝ» ይላል። የመጀመሪያው አደጋውን ያቆያል እንጂ አያስቀረውም። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተበላሸውን ክፍል አስለውጦ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ከሳምንት በኋላም ያችኑ ነጥብ እንደገና ያገኛታል። ሁለቱም ያልተገነዘቡት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ዘይቱ የታየበት ቦታና ዘይቱ የወጣበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሀገራችን ከተሞችና የገጠር ወረዳዎች በስፋት የሚታየውን ዓይነት ሞተር ሳይክል፣ ማለትም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሚሆን ሞተር ያለውን፣ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ዘይት ከእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ለምን እንደሚሾልክ፣ ምንጩ ለምን እንደሚደበቅ፣ እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠገን በየተራ እንመለከታለን። በመንገዳችንም ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ክፍል የምናውቃቸውን በርካታ ሕግጋት በሥራ ላይ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በቅድሚያ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ወደ 30 የሚጠጉ የዘይት ጠብታዎች አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናሉ እንበል። በየደቂቃው አንድ ጠብታ የምታንጠባጥብ ሞተር በአንድ ቀንና ሌሊት 1440 ጠብታ፣ ማለትም 48 ሚሊ ሊትር ዘይት ታጣለች። የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ጠቅላላ ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ በዚሁ ፍጥነት ቢቀጥል በ10 ቀናት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አለቀ ማለት ነው። ሞተሩ ሲሠራና ሲሞቅ ደግሞ ፍሳሹ ከዚህ ይፈጥናል።

በመኪና ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሞተሩና ካምቢዮው ለየብቻቸው የሆነ ዘይት አላቸው። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ግን ፒስተኑን፣ ክራንክ ዘንጉን፣ ፍሪሲዮኑንና ማርሾቹን የሚያለሰልሰው ያው አንዱ ዘይት ነው። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ዘይቱ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ የማጓጓዝ ተጨማሪ ሥራም አለበት። ስለዚህ ዘይት ሲጎድል የሚጎዳው አንድ ክፍል ብቻ አይደለም። በመጨረሻም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ በድንገት ሊቆም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ዘይቱ ወደ ኋላ ጎማ ሲደርስ የሚፈጠረው ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል የሚጓዝ ሞተር ሳይክል አለ እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው መጠን 0.7 ቢሆን ለመቆም 9 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ዘይት ሰበቃውን ወደ 0.2 ቢያወርደው ግን ይኸው ርቀት ወደ 31 ሜትር ያድጋል። መዞሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቀው ያው ሰበቃ ስለሆነ መውደቅ ይከተላል። የጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ፣ የግብርና ባለሙያውም ወደ ማሳ ሲወርድ የሚተማመኑት በዚህች በእጅ መዳፍ በምታህል የጎማና የመንገድ መገናኛ ላይ ነው። እንግዲህ ጠብታዋን ቸል ማለት የማይገባን ለዚህ ነው።

ዘይት ለምን ይሾልካል?

ማንኛውም ፈሳሽ ከታሸገበት እንዲወጣ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። እነርሱም የሚያልፍበት ክፍተት፣ የሚገፋው ኃይልና ለመፍሰስ የሚያመች ቅጥነት ናቸው።

ከክፍተቱ እንጀምር። የሞተሩ ቤት ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ አይደለም። ከላይ የቫልቩ ክዳን፣ ቀጥሎ ቴስታታው፣ ከዚያም ሲሊንደሩ፣ ከሥርም የክራንክ ቤቱ በብሎን ተጋጥመው የተሠሩ ናቸው። ዓይናችን ለስላሳ ብሎ የሚያየው የአሉሚኒየም ገጽ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ተራራና ሸለቆ የሞላበት ነው። በሁለቱ ገጾች መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ተግባሩ እየተጨመቀ እነዚህን ሸለቆዎች መሙላት ነው። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚፈስ ፈሳሽ መጠን በስንጥቁ ስፋት ልክ ብቻ አያድግም፤ በስፋቱ ኩብ ልክ ያድጋል። ከ0.05 ሚሊ ሜትር ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር የሰፋ ክፍተት ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ስምንት እጥፍ ዘይት ያሳልፋል። ትናንት ወዝ ብቻ የነበረው ዛሬ ጠብታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቅጥነት ነው። በሳይንሱ አጠራር ቪስኮሲቲ የሚባለው የዘይት ዝልግልግነት ከሙቀት ጋር በከፍተኛ ደረጃ ይለዋወጣል። 20ደብሊው-50 የሚል መለያ ያለው የተለመደ ዘይት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚኖረው ዝልግልግነት ወደ 160 ሴንቲስቶክ ሲጠጋ በ100 ዲግሪ ግን ወደ 18 ገደማ ይወርዳል። ይህ ዘጠኝ እጥፍ ያህል መቅጠን ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ምንም ሳይታይ ከጉዞ በኋላ የሚገለጥ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሚገፋው ኃይል ነው። በባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ሲወርድ ከበላዩ ያለውን ቦታ ብቻ አያሰፋም፤ ከበታቹ ያለውን የክራንክ ቤት አየርም ይጨምቃል። ባለ 150 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ይህ መጨመቅና መልቀቅ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይፈጸማል። የክራንክ ቤቱ 1.5 ሊትር አየር ይይዛል፣ መውጫም የለውም እንበል። በቦይል ሕግ መሠረት 0.15 ሊትር ሲቀነስ ግፊቱ በ11 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህም በባሕር ወለል ከፍታ 11 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ 1.3 ሜትር ከፍታ ያለው የዘይት ዓምድ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ እንደቆመ ይቆጠራል። በዚህ ላይ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸውን የፒስተን ቀለበቶች አልፎ የሚወርደው የተቃጠለ ጋዝ ይጨመራል። ሠሪዎቹ ይህን አውቀው ለክራንክ ቤቱ መተንፈሻ ቱቦ አበጅተውለታል። ቱቦው ሲደፈን ግን አየሩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ዘይቱንም ይዞ ይወጣል።

ከፍሳሽ የተወለደ ሳይንስ

የዘይት መፍሰስ የሚያበሳጭ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው በቤንዚን ሞተር የሚሠራ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ በጎትሊብ ዳይምለርና በቪልሄልም ማይባኽ ጀርመን ውስጥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በዚያው ዘመን ግድም እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቦሻምፕ ታወር ለብሪታንያ የመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም የዘንግ መሸከሚያዎችን ሰበቃ ያጠና ነበር። በመሸከሚያው አናት ላይ ዘይት ማጠጫ ይሆን ዘንድ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ ሲዞር ግን ዘይቱ በቀዳዳው መግባቱን ትቶ ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

ታወር ቀዳዳውን በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። በእንጨት ውታፍ ቢደፍነውም ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ መድፈኑን ትቶ ግፊት መለኪያ ቢገጥምበት መለኪያው በካሬ ኢንች ከ200 ፓውንድ በላይ፣ ማለትም ከአየር ግፊት 14 እጥፍ ያህል አመለከተ። ዘንጉ በመሸከሚያው ብረት ላይ ሳይሆን ራሱ በፈጠረው የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ የሚዞር መሆኑ በዚህ ታወቀ። የታወር የመጀመሪያ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1883 ወጣ። ኦስቦርን ሬይኖልድስም ይህንኑ ግኝት ተመርኩዞ እ.ኤ.አ. በ1886 ዛሬም መሐንዲሶች የሚማሩትን የማለስለስ ቀመር አሳተመ። የምርምሩ ቁልፍ ታወር «ዘይቱን እንዴት ልድፈነው?» ከማለት ወደ «ዘይቱን የሚገፋው ምንድን ነው?» ወደ ማለት መሻገሩ ነው። የእኛም ፍለጋ መጀመር ያለበት ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ምንጩ ለምን ይደበቃል?

የዘይት የገጽ ውጥረት ከውኃ ግማሽ እንኳ አይደርስም። የውኃው በሜትር 72 ሚሊ ኒውተን ያህል ሲሆን የሞተር ዘይት ወደ 30 ይጠጋል። በዚህ የተነሣ ዘይት በንጹሕ ብረት ላይ እንደ ውኃ ተድቦልቡሎ አይቀመጥም፤ ይነጠፋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1774 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት ለንደን አጠገብ በሚገኝ ኩሬ ላይ ግማሽ ኤከር ያህል ሥፍራ ሸፍና ማዕበሉን እንዳረጋጋች ገልጿል። 5 ሚሊ ሊትሩን ለ2000 ካሬ ሜትር ብናካፍለው የንጣፉ ውፍረት ከ2.5 ናኖ ሜትር አይበልጥም።

በሞተሩ ገጽ ላይ ንጣፉ ይህን ያህል አይቀጥንም። ሆኖም አንዲት ጠብታ 10 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ይዛ ብትነጠፍ 33 ካሬ ሴንቲ ሜትር ትሸፍናለች። ስለዚህ ሞተሩ በሙሉ በዘይት ተነክሮ ማየታችን ፍሳሹ ብዙ መሆኑን አያረጋግጥም። በተጨማሪም በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከልና በብሎኖቹ ጥርስ ውስጥ ያሉት ጠባብ ክፍተቶች ካፒላሪ በተባለው ክስተት ዘይቱን ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይስቡታል።

በላዩ ላይ ነፋስ ይጨመራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መንዳት በሴኮንድ 17 ሜትር የሚነፍስ ነፋስን ፊት ለፊት እንደ መቀበል ነው። ከቴስታታው ፊት የወጣ ዘይት በዚህ ነፋስ ተገፍቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በስበትም ወደ ታች ይወርዳል። በመጨረሻ የሚንጠባጠበው በሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጫፍ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዝቅተኛው ቦታ እርሱ ነው። ምንም ጥፋት የሌለበት ይህ ብሎን ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ የሚጠረጠረውና ጥርሱ እስኪላጥ የሚጠብቀው በዚህ ሳቢያ ነው።

ፍለጋው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ፈሳሹን መለየት። ነጭ ወረቀት ከሥር አንጥፈን ጠብታውን እንቀበል። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ በጣት መካከል ይንሸራተታል። ቤንዚን በሽታው ይታወቃል፤ ወረቀቱ ላይም ቶሎ ይተናል። ካቴና ከምንለው ሰንሰለት የሚረጨው ቅባት ወፍራምና የሚያጣብቅ ሲሆን አቧራና የብረት ብናኝ ይይዛል። ከፊት የድንጋጤ መከላከያዎች የሚወርድ ዘይትም በነፋስ ወደ ሞተሩ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሳይለዩ ሞተር መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ የዘይቱን መጠን መመልከት። ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገን አቁመን፣ አምራቹ በመመሪያው ባዘዘው መንገድ እንለካው። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ አረፋ ይሆናል። ለአየሩ የተተወውን ቦታም ያጠባል። ከላይ በቦይል ሕግ ያሰላነው ግፊት በዚህ ይጨምርና ዘይቱ በመተንፈሻው ወይም በደካማው መገጣጠሚያ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ትርፉን መቀነስ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ማጽዳት። ይህ ደረጃ ከሁሉ በላይ የሚሰለቸውና ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ነው። የቆየውን ዘይትና ጭቃ ሳናስወግድ አዲሱን ፍሳሽ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነጭ ጋዝ ወይም ለሥራው የተዘጋጀ ማጽጃ፣ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ቤንዚን መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ነጭ ጋዝ እዚያ የሚደርሰው ወደ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህም በነጭ ጋዝ እንኳ የምንሠራው ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀን፣ በገላጣ ሥፍራ መሆን አለበት። ካርቡራተሩን፣ የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹንና ፍሬኑን ከማጽጃው እንጠብቃቸው።

አራተኛ፣ ዱቄት መንፋት። ሞተሩ ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት መገጣጠሚያዎች ዙሪያ ለሕፃናት የሚውለውን ዓይነት የታልክ ፓውደር በስሱ እንነፋለን። ፓውደሩ ነጭ ሆኖ የሚታየን በቅንጣቶቹና በመካከላቸው ባለው አየር ድንበር ላይ ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበተን ነው። ዘይት የአየሩን ቦታ ሲይዝ የብርሃን ስብረቱ መጠን ከታልኩ ጋር ስለሚቀራረብ መበተኑ ይቀንሳል፤ ቦታውም ይጠቁራል። በዓይን የማትታይ ፍሳሽ በዚህ ዘዴ በነጭ መስክ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ትጻፋለች።

አምስተኛ፣ ማስነሣትና መመልከት። ሞተሩን ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ እናስነሣውና እናሙቀው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ ይህን በዝግ ቤት ውስጥ መሥራት አይፈቀድም። ቆሞ ምንም ካልታየ አጭር ጉዞ አድርጎ መመለስና እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ፍሳሽ የሚገለጠው ከፍ ባለ የሞተር ፍጥነት ብቻ ነውና። ስንመረምር ከጠብታው ጀምረን ወደ ላይና ወደ ፊት እንጓዝ፤ የረጠበው ከፍተኛው ቦታና ወደ ፊት የቀደመው ቦታ የሚገናኙበት ሥፍራ ምንጩ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሳካ ቢቀር ሌላ መሣሪያ አለ። በዘይቱ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ቀለም ጥቂት ተጨምሮ በጨለማ ቦታ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ቢበራበት ፍሳሹ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ተቀብሎ የሚታይ ብርሃን የመስጠት ክስተት ፍሎረሰንስ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1852 ከጆርጅ ስቶክስ ነው። ስለ ፈሳሾች ዝልግልግነት ባደረገው ጥናትም የሚታወቀው እርሱ ራሱ መሆኑ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ እነማን ናቸው?

ከላይ ወደ ታች ስንወርድ በመጀመሪያ የቫልቩ ክዳን ጎማ፣ ቀጥሎ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው፣ ከዚያም ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ይገኛሉ። ከሲሊንደሩ ጎን ወይም ጀርባ የውስጡን ሰንሰለት የሚወጥረው መሣሪያ መገጣጠሚያ አለ። በአንድ ወገን የፍሪሲዮኑ፣ በሌላው ወገን የማግኔቱ ክዳን ይታያሉ። በመጨረሻም ዘንግ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነርሱም የእግር ማስነሻው፣ የማርሽ መቀየሪያውና ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊት ጥርስ ናቸው። በፊተኛው ጥርስ ዙሪያ ያለው ፍሳሽ በሰንሰለት ቅባት ስለሚሸፈንና ለኋላ ጎማ ቅርብ ስለሆነ ልዩ ትኩረት ይሻል።

በዘንጎቹ ላይ ያለው መከላከያ ኦይል ሲል የሚባለው የጎማ ቀለበት ነው። ከንፈር የመሰለው ጠርዙ በቀጭን ጥምዝምዝ ሽቦ ተደግፎ ዘንጉን ይጫናል። በተለምዶ የሚሠራበት ናይትራይል የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ያለውን ሙቀት ለረጅም ጊዜ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን እየደረቀ ይሄዳል። በኬሚስትሪ እንደ ግምት የምንወስደው መርሕ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ አጸግብሮቶች ፍጥነት ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ይነግረናል። ዘይት ጎድሎበት ዘወትር ከልክ በላይ የሚሞቅ ሞተር ጎማዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ይደርቃሉ፤ የደረቁት ጎማዎችም ዘይቱን ይበልጥ ያጎድላሉ። አንዱ ጉዳት ሌላውን የሚወልደው እንዲህ ነው።

ጥገናው

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ወዲያው ብሎን ለማጥበቅ መቸኮል አይገባም። ብሎኑ ላልቶ ከተገኘ በልኩ ማጥበቅ መልካም ነው። ሳይላላ የሚፈስ ከሆነ ግን ጥፋቱ በጓርኒሲዮኑ ወይም በገጹ ላይ ነው፤ ተጨማሪ ጉልበት አይፈውሰውም። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የክዳን ብሎኖች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ወደ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህም በ10 ሴንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ግራም እንደ ማንጠልጠል ያህል ነው። ያው እጅ በ30 ሴንቲ ሜትር እጀታ ቢጫን ጥምዘዛው ሦስት እጥፍ ይሆንና የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይልጠዋል። ስለዚህ ቶርክ ሬንች የተባለውን ባለ መለኪያ ቁልፍ መጠቀም፣ ትክክለኛውንም ቁጥር ከሞተር ሳይክሉ መመሪያ ማንበብ ይበጃል።

ጓርኒሲዮን ሲለወጥ የአሮጌው ቅሪት ገጹን ሳይቧጭር መነሣት አለበት። በካቻቢቴ ጫፍ የተፋቀ አሉሚኒየም ለዘይት አዲስ መንገድ ይከፍታል። ገጹ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማወቅ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሞ በሥሩ ብርሃን ማየት ይቻላል። ትንሽ ጉብታ ካለ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማስተካከል ይቻላል። ብናኙ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ግድ ነው። ብሎኖቹ በየተራ ሳይሆን በማቋረጥ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። አንዱን ጫፍ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ክዳኑን ያጣምመዋል።

ይህ ሥራ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚሠራበትም ምክንያት አለ። አሉሚኒየም ለአንድ ዲግሪ ሙቀት ከራሱ ርዝመት 23 ሚሊዮንኛ ያህል ሲረዝም ብረት 12 ሚሊዮንኛ ገደማ ይረዝማል። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የአሉሚኒየም ሲሊንደር በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.23 ሚሊ ሜትር ሲያድግ የያዘው የብረት ብሎን በ0.12 ብቻ ያድጋል። ልዩነቱ በጓርኒሲዮኑ ላይ ተጨማሪ ጭነት ይሆናል። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ለዓመታት ይህንኑ የተሸከመ ጓርኒሲዮን ቀስ በቀስ ይረግጣል፤ የመለጠጥ ኃይሉንም ያጣል።

ሲልከን የተባለውን ማሸጊያ በብዛት መቀባት በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። ከመገጣጠሚያው ወደ ውስጥ የተገፋው ትርፍ ግን ሲደርቅ ተቆርጦ ወደ ዘይት ማጣሪያው ይሄዳል፤ የዘይቱንም መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። አምራቹ ባላዘዘበት ቦታ አለመጠቀም፣ ባዘዘበትም ስስ አድርጎ መቀባት ተገቢ ነው።

ኦይል ሲል ሲለወጥ ከመግጠም በፊት ዘንጉን በጥፍር እንዳስሰው። ጎማው ለረጅም ጊዜ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተፈጠረ አዲሱ ጎማም ብዙ አይቆይም። ከንፈሩ ወደ ዘይቱ አቅጣጫ ይዙር፤ በዘንጉ ጥርሶች እንዳይቀደድ በቀጭን ላስቲክ ተሸፍኖ ይግባ፤ ከመግባቱም በፊት ዘይት ይቀባ። ከንፈሩ እጅግ በሳሳ የዘይት ንጣፍ ላይ እየተንሸራተተ የሚሠራ ስለሆነ ደረቁን ቢዞር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ታወርና ሬይኖልድስ ያጠኑት የዘይት ንጣፍ በዚህች ጠባብ ጠርዝም ላይ ይገኛል።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ሮንዴላ ብቻ ነው። ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የምትሠራው ይህች ቀለበት ሥራዋ አንድ ጊዜ ተጨፍልቃ ክፍተቱን መሙላት ስለሆነ ደጋግሞ መጠቀም አይመከርም።

ተመልሶ የሚመጣ ፍሳሽ

እንበልና አንድ ሞተር ሳይክል የማግኔቱ ክዳን ጓርኒሲዮን ተለወጠለት። ከአንድ ወር በኋላ የማርሽ መቀየሪያው ኦይል ሲል ማፍሰስ ጀመረና እርሱም ተለወጠ። ከዚያም የቫልቩ ክዳን ቀጠለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሦስት መከላከያዎች በአንድ ሰሞን በየራሳቸው ምክንያት የተበላሹ ከሚሆን ይልቅ አንድ የጋራ ምክንያት ያላቸው መሆኑ ይቀላል። ያ የጋራ ምክንያት ግፊት ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከመተንፈሻው ቱቦ ነው። ቱቦውን ነቅሎ መመልከት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። የተጣጠፈ፣ በጭቃ የተደፈነ፣ ተርብ ጭቃ የሠራበት ወይም በውኃና በዘይት ቅልቅል የተዘጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሲሠራ በቱቦው ጭስ ያለ ማቋረጥ በብዛት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ፋሻዎቹ ወይም ሲሊንደሩ አልቀው የተቃጠለ ጋዝ ወደ ታች እያሳለፉ ነው ማለት ነው። ይህን የሲሊንደሩን የመጭመቅ ኃይል በመለካት ማረጋገጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ጓርኒሲዮን መለዋወጡ ታወር ቡሹን በእንጨት ውታፍ እንደ መተካቱ ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ይቀረናል። ከሞተሩ የወጣውን አሮጌ ዘይትና የተነከረበትን ጨርቅ ወደ ቦይ ወይም ወደ መሬት መጣል አይገባም። በፍራንክሊን ኩሬ ላይ አንዲት ማንኪያ ምን ያህል ሥፍራ እንደ ሸፈነች አይተናል። እንዲህ ያለ ንጣፍ በወንዝና በኩሬ ላይ ሲነጠፍ አየር ወደ ውኃው እንዳይገባ ያውካል፤ በአሮጌ ዘይት ውስጥ ያሉት የብረት ብናኞችና የቃጠሎ ውጤቶችም ለጤና ጎጂዎች ናቸው። በሚዘጋ ጀሪካን አጠራቅሞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ማስረከብ፣ በሥራም ጊዜ ጓንት ማድረግ ይገባል።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ለዘይት ፍሳሽ ምክሩ ቃል በቃል ይሠራል፤ ንጹሕ በሆነ ገጽ ላይ ገና እርጥብ ሳለ የተገኘች ፍሳሽ ምንጯን ራሷ ትናገራለች። ለዚህ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጨርቅ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ፓውደርና ትዕግሥት ናቸው። መላ ምት ማቅረብ፣ መላ ምቱን መፈተን፣ ማስረጃው ሲቃወመው መተው በቤተ ሙከራ ብቻ የሚሠራበት መንገድ አይደለም። ቁልፉን ከማንሣታችን በፊት በዚሁ መንገድ ብናስብ፣ የሚተርፈው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴም የነጂው ሕይወት ነው።